አሮጌው ዳይሬክተሪ በአዲስ ሣጥን

በመንግሥት ቢሮ ወይም በባንክ መስኮት ፊት ቆሞ «ሲስተም የለም» ያልተባለ ኢትዮጵያዊ ማግኘት ይቸግራል። አባባሉ ብዙ ነገር ይሸፍናል፤ መብራት ጠፍቶ ይሆናል፣ መስመር ተቋርጦ ይሆናል፣ ሰርቨሩ ራሱ ወድቆ ይሆናል። ባለጉዳዩ ጨርሶ የማያየው ሌላም ምክንያት አለ። ኮምፒውተሩ በርቷል፣ መስመሩ አለ፣ ሠራተኛዋ ግን መግባት አልቻለችም። ስሟንና የይለፍ ቃሏን ተቀብሎ «አዎ፣ የእኛ ሰው ናት» ማለት የነበረበት ማሽን መልስ አልሰጠም። ያ ማሽን የዳይሬክተሪ ሰርቨር ይባላል።

የዳይሬክተሪ ሰርቨር ከተራ ዳታቤዝ ይለያል። መረጃውን የሚያስቀምጠው በዛፍ መልክ ነው፦ ከላይ ድርጅቱ፣ ከሥሩ መምሪያዎቹ፣ ከእነሱ ሥር ሰዎቹ፣ ቡድኖቹና ማሽኖቹ። የሚጻፍበት አልፎ አልፎ ሲሆን የሚነበበው ግን ቀኑን ሙሉ ነው፤ አሠራሩም ለንባብ ፍጥነት የተቃኘ ነው። ቋንቋው ኤልዳፕ፣ የሚያዳምጥበት ፖርት ደግሞ 389 ነው። በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ያለው አክቲቭ ዳይሬክተሪ ይህንኑ ቋንቋ ይናገራል። ቤተ መጻሕፍት የሚገለገሉባቸው ኮሃና ዲስፔስ፣ ለትምህርት የሚውለው ሙድል፣ ጤና ሚኒስቴር ከጤና ተቋማት መረጃ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 ሁሉ ተጠቃሚን በኤልዳፕ ማረጋገጥ ይችላሉ።

የዚህ ሶፍትዌር ዕጣ ግን አንድ ነው፤ አንዴ ከተተከለ ማንም አይነካውም። እየሠራ ስለሆነ አይነካም፤ ስላልተነካም ያረጃል። አንድ ቀን የተጫነበት ማሽን ሃርድ ዲስኩ ሲንኳኳ ወይም ፓወር ሰፕላዩ ሲቃጠል «ሌላ ማሽን ላይ እንጫነው» ይባላል፤ አዲሱ ማሽን ደግሞ አሮጌውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም አይቀበልም። ዶከር የሚባለው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2013 ከወጣ ወዲህ ለዚህ ጭንቀት ቶሎ የሚሰነዘረው መልስ «ኮንቴይነር ውስጥ እንክተተው» የሚል ነው፤ ኮንቴይነር ፕሮግራሙን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር አሽጎ የሚይዝ ሣጥን ነው። መልሱ ምን ያህል ያስኬዳል? በተለይ ቱሊ ጉሌድን በመሰለ ቦታ?

ቱሊ ጉሌድ በሶማሌ ክልል፣ በፋፈን ዞን፣ ከጅግጅጋ በስተሰሜን ያለ ወረዳ ነው። የትኛውም ወረዳ እንዳለው ሁሉ የትምህርት፣ የጤናና የፋይናንስ ጽሕፈት ቤቶች አሉት፤ የእነዚህ ቢሮዎች ዲጂታል ሥርዓቶች ግን ማዕከላቸው ብዙውን ጊዜ ሌላ ቦታ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የተጀመረው ወረዳኔት በመቶዎች የሚቆጠሩ ወረዳዎችን በሳተላይትና በምድር መስመር ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር ያገናኘው በዚሁ አስተሳሰብ ነበር፦ አገልግሎቱ መሀል ላይ፣ ወረዳው ጫፍ ላይ። ለቪዲዮ ስብሰባ ይህ አያስከፋም፤ መስመሩ ከተቋረጠ ስብሰባው ለሌላ ቀን ይቀጠራል። የመግቢያ ፈቃድ የሚሰጠው ማሽን ርቆ ሲቀመጥ ግን መስመር በተቋረጠ ቁጥር እዚያው ቢሮ ውስጥ ያለው፣ ምንም ያልተበላሸው ሰርቨርም አብሮ ይዘጋል።

መቋረጡ ደግሞ የሩቅ ሥጋት አይደለም። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. መጨረሻ ጅግጅጋ ስትታወክ በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የሀጫሉ ሁንዴሳን ግድያ ተከትሎ በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተቋርጧል። እነዚህ በዜና የተነገሩት ናቸው፤ በየሳምንቱ የሚያጋጥመውን የመብራትና የመስመር መቆራረጥ የሚመዘግበው የለም።

እዚህ ላይ አሮጌው ሶፍትዌር ያልተጠበቀ ጥንካሬ አለው። የዳይሬክተሪ ሰርቨር የተወለደው መስመር ውድና ደካማ በነበረበት ዘመን ስለሆነ ሬፕሊኬሽን፣ ማለትም አንዱን መዝገብ በብዙ ቦታ ማባዛት፣ ከጥንት የተሰጠው ችሎታ ነው። አንድ ቅጂ ጅግጅጋ፣ አንዱ ቱሊ ጉሌድ፣ አንዱ ቶጎ ጫሌ ቢቀመጥ እያንዳንዱ ቢሮ የሚጠይቀው የአጠገቡን ነው። መስመር ሲጠፋ ሁሉም በየቦታው ይቀጥላል፤ ሲመለስ የተለወጠውን ብቻ ይለዋወጣሉ። አዲሶቹ በድር ላይ የተመሠረቱ የመግቢያ ሥርዓቶች፣ ለምሳሌ ኪክሎክ፣ በብዙ ነገር ይበልጣሉ፤ ነገር ግን ተጠቃሚው በሚገባበት ሰዓት ማዕከሉን ማግኘት አለባቸው። «አሮጌ ነውና ይጣል» የሚለው ፍርድ ለአዲስ አበባ ፎቅ ይሆን ይሆናል። ለፋፈን ችኮላ ነው።

እንዲህ የሚፈረድበት ሶፍትዌር የዘር ሐረጉ ራሱ ጠመዝማዛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ኤክስ 500 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጣ፤ ለተራ ኮምፒውተር ግን እጅግ ከባድ ነበር። በ1993 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ እነ ቲም ሀውስ ቀለል ያለውን ኤልዳፕን አመጡ። ሀውስና ባልደረቦቹ በ1996 ወደ ኔትስኬፕ ሄደው የኔትስኬፕ ዳይሬክተሪ ሰርቨርን ሠሩ። ኔትስኬፕ በኤኦኤል ተገዛ፤ ኤኦኤል ከሰን ጋር ሽርክና ገብቶ ምርቱ አይፕላኔት ተባለ፤ ሽርክናው ሲያበቃ ኮዱ ሁለት ቦታ ቀረ። የሰን ድርሻ ስሙን እየለዋወጠ በ2010 ኦራክል እጅ ገባ። የኤኦኤልን ድርሻ ሬድ ሃት በ2004 ገዝቶ በ2005 ኮዱን ለሕዝብ ከፈተውና ፌዶራ ዳይሬክተሪ ሰርቨር አለው፤ በ2009 ደግሞ ከፖርቱ ቁጥር ወስዶ 389 ዳይሬክተሪ ሰርቨር ብሎ ሰየመው። የሚሺጋኑ ኮድ በበኩሉ ከ1998 ጀምሮ ኦፕን ኤልዳፕ ሆኖ ቀጥሏል። ዛሬም የ389ን የቅንብር ፋይል የሚከፍት ሰው ብዙዎቹ መስመሮች «ኤንኤስ» በሚሉ ሁለት ፊደላት ሲጀምሩ ያያል። ኔትስኬፕ ከገበያ ከጠፋ ዘመናት ቢያልፉም ስሙ እዚያ አለ።

ወደ ሥራው እንግባ። አሮጌ ዳይሬክተሪን በኮንቴይነር ለመገንባት የሚሞከረው የመጀመሪያ መንገድ ድሮ የነበረበትን ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንደ መሠረት መውሰድ ነው። ብዙውን ጊዜ ይህ ሴንት ኦኤስ 6 ወይም 7 ነው። የመጀመሪያው ድጋፍ በኅዳር 2020፣ የሁለተኛው በሰኔ 30 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ፓኬጆቹ ከመደበኛ ማከፋፈያዎቹ ተነሥተው «ቮልት» ወደሚባል ማኅደር ስለተዛወሩ ቀድሞ እየሠራ የነበረ የግንባታ ፋይል ገና «ያም» በምትለው የመጀመሪያ ትእዛዝ ላይ ይወድቃል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ አድራሻዎቹን ወደ ማኅደሩ ማዞር።

በሴንት ኦኤስ 6 ላይ የሚያጋጥመው ሌላው ችግር ግን የብዙ ባለሙያ ቀን በልቷል። ኮንቴይነሩ ይነሣል፣ ወዲያው ይሞታል፣ 139 የሚል ቁጥር ብቻ ትቶ። መልእክት የለም፣ ሎግ የለም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በዚያ ዘመን የነበረው ጂሊብሲ የሚባለው መሠረታዊ ላይብረሪ ሰዓት ለመጠየቅ የሚጠቀምበት አሮጌ መንገድ በዘመኑ ከርነሎች ላይ ለደኅንነት ሲባል ተዘግቷል። «ቪሲስኮል ኢሙሌት» የሚለውን አማራጭ ለከርነሉ ሲነሣ መስጠት ይፈታዋል። ይህ አማራጭ የሚሰጠው ለአስተናጋጁ ማሽን ነው እንጂ ለኮንቴይነሩ አይደለም። ኮንቴይነር የራሱ ከርነል የለውም፤ የአስተናጋጁን ይጋራል። አሮጌውን ሥርዓት ሳይነኩ እንዳለ ማቆየት የግድ ከሆነ የራሱን ከርነል ይዞ የሚነሣ ቨርቹዋል ማሽን ይሻላል። ተጨማሪ ሚሞሪ ይበላል፤ ጠባዩ ግን ይታወቃል።

ሁለተኛው መንገድ የድሮውን ኮድ በአዲስ ሲስተም ላይ ኮምፓይል ማድረግ ነው። ይህ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለር በ10ኛው እትሙ፣ በ2020፣ ቀድሞ ያልፈው የነበረውን የተደጋገመ ተለዋዋጭ መከልከል ጀመረ፤ በ14ኛው፣ በ2024፣ ሳይታወጅ የተጠራን ፈንክሽን ከማስጠንቀቂያ ወደ ስህተት ከፍ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ የተጻፈ የሲ ኮድ በሁለቱም የተሞላ ነው። የ389 የድሮ መጫኛ ስክሪፕቶች በፐርል የተጻፉ ናቸው። ኦፕን ኤልዳፕ 2.4ን ከድሮ ዳታው ጋር ለማስነሣት ደግሞ በርክሌይ ዲቢን መገንባት ይጠይቃል፤ ኦራክል ከ2013 ጀምሮ የዚህን ዳታቤዝ ፈቃድ ጥብቅ ወደሆነ ዓይነት ስለቀየረው ብዙዎቹ የሊኑክስ ሥርጭቶች በድሮው 5.3 እትም ቀርተዋል። ኦፕን ኤልዳፕም በ2021 ባወጣው 2.5 እትም በርክሌይ ዲቢን ጭራሽ አስወግዶ ሃዋርድ ቹ የጻፈውን ኤልኤምዲቢን ዋና ማከማቻው አድርጓል። ስለዚህ አዲሱ ኦፕን ኤልዳፕ የድሮውን የዳታ ፋይል አይከፍትም።

ሦስተኛው መንገድ ለዚህ ዳሰሳ ጸሐፊ ሚዛን የሚደፋው ነው፦ አሮጌውን እትም በኮንቴይነር ማስነሣት፣ ግን ለአንድ ሥራ ብቻ። መዝገቡን ኤልዲፍ ወደሚባለው ተራ የጽሑፍ ፋይል ማውጣት፣ ከዚያም ወደ ዘመኑ እትም ማስገባት። ኤልዲፍ ከሚሺጋን ዘመን ጀምሮ ሁሉም ዳይሬክተሪ የሚያነበው ነው። ከድሮው ሰርቨር የወጣ የኤልዲፍ ባክአፕ አስቀድሞ ካለ አሮጌውን ኮንቴይነር መገንባት ራሱ አያስፈልግም፤ ይህን ቀድሞ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ለአዲሱ ማረፊያ 389ን የሚሠሩት ሰዎች ራሳቸው ኢሜጅ፣ ማለትም ኮንቴይነሩ የሚነሣበትን ዝግጁ ጥቅል፣ ያዘጋጃሉ። «ዲኤስ ኮንቴይነር» የምትባል ትንሽ መሣሪያ መጀመሪያ ሲነሣ አዲስ ዳይሬክተሪ ትፈጥራለች፣ በኋላ ያለውን ታስነሣለች፣ ሕያው መሆኑንም ትፈትሻለች። ኮንቴይነሩ በሩት ሥልጣን እንዳይሄድ ስለተፈለገ በ389 ፈንታ በ3389፣ ለተመሰጠረው ግንኙነት በ3636 ያዳምጣል። መዝገቡ፣ ቅንብሩና ሰርተፊኬቱ ሁሉ «ዳታ» በሚባል አንድ ፎልደር ሥር ይቀመጣሉ። ያ ፎልደር ከኮንቴይነሩ ውጭ በሚቆይ ቮልዩም ላይ ካልተቀመጠ ኮንቴይነሩ በተሰረዘ ቀን የቢሮው ሠራተኛ ሁሉ አብሮ ይሰረዛል።

ኦፕን ኤልዳፕን ለሚመርጥ አንድ ወጥመድ በቅርብ መታየት አለበት። ሁለት መቶ ሰው እንኳ የሌለበት መዝገብ ተጭኖ ሰርቨሩ ገና ሲነሣ ከ700 ሜጋባይት በላይ ሚሞሪ ይወስዳል። ባለሙያው መዝገቡን ይመረምራል፤ መዝገቡ ኢምንት ነው። ምክንያቱ ሌላ ነው። የኦፕን ኤልዳፕ ሰርቨር ሲነሣ ሊከፈት ለሚችል ለእያንዳንዱ የግንኙነት ቁጥር ቦታ አስቀድሞ ይይዛል። በተራ ማሽን ላይ ገደቡ 1024 ነው፤ በዶከር ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ 1,048,576 ሆኖ ይመጣል። ሰርቨሩ ለአንድ ሚሊዮን እንግዳ ወንበር ደርድሮ ይቀመጣል። «ኖፋይል» የሚለውን ገደብ ወደ 1024 መመለስ ሚሞሪውን ወደ ጥቂት አሥር ሜጋባይት ያወርደዋል። በወረዳ ቢሮ 4 ጊጋባይት ባለው ያገለገለ ኮምፒውተር ላይ ይህች አንድ መስመር ሥራው መኖሩንና አለመኖሩን ትወስናለች።

ሌላው ችግር የሚታየው ኮንቴይነሩ ሲቆም ነው። ዶከር ኮንቴይነርን ሲያቆም መጀመሪያ በሰላም እንዲዘጋ ምልክት ይልካል፣ 10 ሰከንድ ይጠብቃል፣ ከዚያ በኃይል ይገድላል። ዳይሬክተሪው በሼል ስክሪፕት በኩል ከተነሣ ምልክቱ ለስክሪፕቱ ይደርስና ለሰርቨሩ ሳይደርስ ይቀራል። ውጤቱ በየቀኑ መብራት እንደጠፋበት ማሽን መዝገቡ ሳይዘጋ መቆረጥ ነው። ስክሪፕቱ ሥራውን ሲጨርስ ቦታውን ለሰርቨሩ እንዲለቅ «ኤክሴክ» የምትል ቃል መጨመር ይበቃል። ባክአፕ ሲወሰድም የዳታ ፋይሉን በቁሙ ወደ ፍላሽ መገልበጥ ሥራ ላይ ያለን መዝገብ የተቆራረጠ ቅጂ ይሰጣል፤ ወደ ኤልዲፍ ማውጣት ነው የሚያዋጣው።

የስምና የሰዓት ነገርም አለ። ኮንቴይነር ስም ካልተሰጠው በተፈጠረ ቁጥር አዲስ የዘፈቀደ ስም ይወስዳል፤ ሰርተፊኬቱና የሬፕሊኬሽን ስምምነቱ ግን በስም የታሰሩ ናቸው። ሰዓቱን ደግሞ ከአስተናጋጁ ማሽን ይወስዳል። 389 እያንዳንዱን ለውጥ በሰዓት ማኅተም ስለሚለየው በሁለት ሰርቨሮች መካከል ያለው ልዩነት ከ24 ሰዓት ካለፈ ሬፕሊኬሽን አይቀበልም። የማዘርቦርዱ ባትሪ ያለቀ ኮምፒውተር መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በተሳሳተ ዓመት ይነሣል፤ ኢንተርኔት ከሌለ ደግሞ ሰዓቱን የሚያርምለት አያገኝም። በጥቂት ብር የሚገዛ የሳንቲም ባትሪ የወረዳውን መዝገብ ከጅግጅጋው ሊያቆራርጠው ይችላል። መስመር ለረጅም ጊዜ ሲጠፋም ልብ የሚባል ነገር አለ፤ በቅርብ ጊዜ የ389 እትሞች የለውጥ ማስታወሻው መነሻ ዕድሜ 7 ቀን ነው። መቋረጡ ከዚያ ካለፈ ወረዳው የጎደለውን ብቻ ማግኘት አይችልም፤ ሙሉ ቅጂ እንደገና መጫን አለበት። በ2012 ዓ.ም. እንደታየው ለሳምንታት የሚዘጋበት አገር ውስጥ ይህን ቁጥር ወደ 30 ወይም 60 ቀን ማሳደግ ያስፈልጋል።

ኢሜጁን እዚያ ማድረስም የራሱ ጣጣ አለው። ዶከር ሃብ ከኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳይመዘገብ የሚያወርድን ተጠቃሚ በአይፒ አድራሻ መገደብ ጀምሯል፤ መነሻው በ6 ሰዓት 100 ጊዜ ነበር። ብዙ ሰው አንድ አድራሻ በሚጋራበት ኔትወርክ ኮታውን የጨረሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ኢሜጆቹም ቋሚ አይደሉም፤ ብዙ ሰው ይተማመንባቸው የነበሩት የቢትናሚ ኢሜጆች፣ የኦፕን ኤልዳፑን ጨምሮ፣ በ2025 ወደ ሌላ የማኅደር ቦታ ተነሥተው ማሻሻያ ቆሞባቸዋል። ስለዚህ ኢሜጁን ጅግጅጋ ላይ አንድ ጊዜ አውርዶ በራስ ማከማቻ ማኖር፣ ወደ ወረዳዎቹም ወደ ፋይል ቀይሮ በፍላሽ መውሰድ ብልኃት ነው። ጥቂት መቶ ሜጋባይት ለፍላሽ ምንም አይደለም፤ ለተቆራረጠ የሞባይል ዳታ ግን ብዙ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ኮንቴይነር የማያድሰው ነገር አለ። ከበርበራ ወደብ ተነሥቶ በቶጎ ጫሌ በኩል ጅግጅጋ የሚገባ የታሸገ ዕቃ ኮንቴይነር ስለተቀየረለት ብቻ የአገልግሎት ጊዜው አይራዘምም። የድሮ ዳይሬክተሪም ኮንቴይነር ውስጥ ገብቶ የሚናገረው የድሮውን የማመስጠሪያ ቋንቋ ቲኤልኤስ 1.0ን ከሆነ አዲሶቹ ደንበኞች በሩን ይዘጉበታል፤ ሬድ ሃት ከ8ኛ እትሙ ጀምሮ፣ ኦፕን ኤስኤስኤል ደግሞ ከ3.0 ጀምሮ ቲኤልኤስ 1.0ንና 1.1ን በመነሻ ቅንብራቸው አይቀበሉም። ከፊቱ እንደ ኤችኤ ፕሮክሲ ያለ አስተርጓሚ ማቆም ይቻላል፤ የጊዜ መግዣ ነው። የይለፍ ቃሎቹም እንዳሉ ናቸው፦ በክሪፕት ወይም በጨው በተቀላቀለ ሻ-1 የተቀመጡ፣ ዛሬ ባለ ግራፊክስ ካርድ ቶሎ የሚሰበሩ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ዳታ የሚይዝን አካል ዳታውን እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ «ሶፍትዌሩ አሮጌ ነው» የሚለው ሰበብ እዚያ ውስጥ የለም።

ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ግን ከሶፍትዌሩ ይልቅ በመዝገቡ ውስጥ ያሉት ስሞች ናቸው። ኤልዳፕ «ፐርሰን» የሚለው መዝገብ ሁለት ነገር ግዴታ ያደርጋል፦ ሙሉ ስምና የቤተሰብ ስም። አማራውም ሶማሌውም ኦሮሞውም የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው፤ የቤተሰብ ስም የሚባል የለውም። አንዱ ቢሮ እዚያ ቦታ የአባትን ስም ይሞላል፣ ሌላው የአያትን፣ ሦስተኛው ነጥብ አድርጎ ያልፋል። ሁለት መዝገቦች ሲቀላቀሉ አንዷ መምህርት ሁለት ሰው ትሆናለች። ሶማሊኛ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍና ለ«ዐ» ድምፅ ያዋለው ፊደል እንግሊዝኛ ለሌላ ድምፅ የሚጠቀምበት ስለሆነ «አብዲ» የሚባል ሰው በሶማሊኛ ሰነዱ፣ በፓስፖርቱና በአማርኛ ደብዳቤው ላይ ሦስት ዓይነት ይጻፋል። አማርኛውም የራሱ ጣጣ አለው፤ ኤልዳፕ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል አንድ አድርጎ ይፈልጋል፣ ሀን፣ ሐንና ኀን ግን ሦስት የማይዛመዱ ምልክቶች አድርጎ ያያቸዋል። «ሐሰን»ን የመዘገበ ቢሮ «ሀሰን» ብሎ ቢፈልግ አያገኝም።

የግዕዝ ፊደል በኤልዲፍ ውስጥ እንዴት እንደሚታይም ሰው ያስደነግጣል። ከላቲን ውጭ ያለ ጽሑፍ በቤዝ 64 ተለውጦ፣ ከፊቱ ሁለት ድርብ ነጥብ ተደርጎ ይጻፋል። ፋይሉን የከፈተ ባለሙያ ትርጉም የለሽ የላቲን ሰንሰለት አይቶ «ዳታው ተበላሽቷል» ይላል። አልተበላሸም፤ ሲገባ ተመልሶ ፊደል ይሆናል። እውነተኛው ብልሽት ያለው ግዕዝ በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ በኋላም በቀጠሉት የድሮ ፎንቶች በተጻፉት ስሞች ላይ ነው። እነዚያ በስክሪን ላይ አማርኛ የሚመስሉ፣ በውስጣቸው ግን የላቲን ምልክት የሆኑ ስሞች ፎንቱ በሌለበት አዲስ ሲስተም አይነበቡም። ማሸጋገሪያ ሠንጠረዥ ሠርቶ አንድ በአንድ ከማረም ሌላ መንገድ የለም፤ ለዚህ ሥራ ደግሞ ፕሮግራመር ሳይሆን ስሞቹን የሚያውቅ የሰው ኃይል አስተዳደር ሠራተኛ ነው የሚያስፈልገው።

«ፋይዳ መጥቶ የለ? ይህ ሁሉ ለምን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ፋይዳ በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 የቆመ ዲጂታል መታወቂያ ሲሆን የተሠራበት ሞሲፕ የሚባለው ክፍት ሶፍትዌር በ2018 እ.ኤ.አ. በባንጋሎር የተጀመረና በኩበርኔቲስ ሥር በኮንቴይነሮች የሚሄድ ነው። ሞሲፕ በመጀመሪያዎቹ እትሞቹ የሠራተኞቹን መግቢያ በኤልዳፕ ይይዝ ነበር፤ በኋላ ወደ ኪክሎክ ተሸጋገረ። ነገር ግን የመስክ መመዝገቢያው ሶፍትዌር ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ሲፈለግ የመዝጋቢዎቹን መግቢያ መረጃ አስቀድሞ ወደ ላፕቶፑ መገልበጥ፣ የተመዘገበውንም መስጥሮ ቆይቶ መስመር ሲገኝ መላክ አስፈልጎታል። አዲሱም ሥርዓት ገጠር ሲወርድ በአሮጌው ዳይሬክተሪ መንገድ መሄዱ ነው፦ መዝገቡን ሰው ወዳለበት ማቅረብ። ፋይዳ ደግሞ ሰውየው ማን እንደሆነ ይነግራል እንጂ የቱሊ ጉሌድ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የደመወዝ ፎልደር ለማን እንደሚከፈት አይወስንም። ያ የቢሮው መዝገብ ሥራ ነው።

ሁለቱን ማጣመር ይቻላል። ኪክሎክ ከኤልዳፕ ላይ ተጠቃሚን መቀበል ስለሚችል ጅግጅጋ ላይ ለድር አገልግሎቶች ኪክሎክ፣ ከሥሩ 389፣ በወረዳዎቹም የ389 ቅጂዎች ማኖር ለአሁኑ ሁኔታ የሚስማማ ቅንብር ነው። ከዚህ የቀለሉ አዲስ አማራጮችም አሉ፤ ለ389 የኮንቴይነር ሥራ ብዙ ያበረከተው ዊልያም ብራውን ካኒዲኤም የሚባል ሌላ የመታወቂያ ሰርቨር ከባዶ መጻፉ አሮጌው ኮድ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያሳይ ምስክር ነው። ዞሮ ዞሮ የሚጎድለው ሶፍትዌር ሳይሆን ተጽፎ የሚቆይ ዕውቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የተመሠረተው ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ለእነዚህ ወረዳዎች ቅርብ ነው፤ ምሩቅ ግን ሊኑክስ በደንብ ባወቀ ማግስት ድርጅት ቀይሮ ሲሄድ የግንባታ ፋይሉ፣ የኮንቴይነሩ ቅንብርና የባክአፑ ትእዛዝ ጽሑፍ ሆነው ካልቀሩ ቀጣዩ ሰው ከባዶ ይነሣል። የኮንቴይነር ዋና ጥቅምም እዚህ ነው፤ ቀድሞ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ የነበረው አጫጫን ሠላሳ መስመር በማይሞላ ፋይል ይጻፋል።

የሽግግሩ የመጨረሻ ሥራ የይለፍ ቃሎቹ ናቸው። የድሮው ሃሽ፣ ማለትም ከይለፍ ቃሉ ተሰልቶ የተቀመጠው ኮድ፣ ወደ ኋላ ስለማይፈታ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ አዲስ ቃል መስጠት ግድ ይመስላል፤ አዲሱ 389 ግን ያቀለዋል። አሮጌውን ሃሽ እንዳለ ይቀበላል፤ ሰውየው መጀመሪያ ሲገባ ትክክለኛውን ቃል በጻፈበት ቅጽበት በዘመኑ ስሌት አስልቶ ይተካዋል። ሰውየው ምንም አያውቅም። ከጥቂት ወራት በኋላ አስተዳዳሪው መዝገቡን ሲያይ ሃሻቸው ያልተቀየረ አካውንቶች ተለይተው ይቀራሉ፦ ጡረታ የወጡ፣ ወደ ጎዴ ወይም ወደ ደገሃቡር የተዛወሩ፣ ውጭ የሄዱ። ዝርዝሩ ለሰው ኃይል አስተዳደር ይላካል፤ «በሥራ ላይ ናቸው» ያላላቸው አካውንቶች ይዘጋሉ፣ ከዚያ በኋላ አሮጌው ኮንቴይነር ይቆማል፣ የመጨረሻው ኤልዲፍ ተመስጥሮ ሁለት ቦታ ይቀመጣል።